ምላጩን ወድዶ ሠሪውን መናቅ

ሰው ከዕቃ ጋር ያለው ግንኙነት የልቡን ሁኔታ ይገልጣል። አንዱ ዕቃን ለጥቅሙ ብቻ ይይዛል፤ ሲያረጅበትም አውጥቶ ይጥለዋል። ሌላው ዕቃን ከልክ በላይ ይወድዳል፤ በዕቃውም ምክንያት ወንድሙን ይረሳል። ከእነዚህ ከሁለቱ የተለየ፣ ዕቃን በልኩ የሚወድድ፣ በዕቃውም ውስጥ የሠራውን እጅ አይቶ ለሠሪው ክብር የሚሰጥ ሰው ደግሞ አለ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ከዚህ የሚመነጭ ነው። አሮጌ መሣሪያዎችን መሰብሰብ፣ በዚሁም ምክንያት ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር ኅብረት መመሥረት መልካም ነውን? መልካም ከሆነስ መልካም የሚያደርገው ምንድን ነው?

ጥያቄው በሐሳብ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንዲት ትንሽ ዕቃ ለምሳሌ መርጠናል፤ ይህችውም ምላጭ ናት። ዛሬ በልዩ ልዩ አገሮች አሮጌ ባለ እጀታ ታጣፊ ምላጮችን እየፈለጉ የሚገዙ፣ ዝገታቸውን የሚጠርጉ፣ ስለታቸውን የሚመልሱ፣ የሠሪያቸውንም ስም የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ቋንቋና ድንበር ሳይለያያቸው በኅብረት ተያይዘው ዕውቀታቸውን ይለዋወጣሉ። ከእኛ አካባቢ ወጥቶ በባዕድ አገር የሚኖር አንድ ወጣት፣ የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ልተባበርን?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለት ነበር? «ሰው አገር ድረስ ሄደህ የዛገ ብረት ትለቅማለህን?» ብለን እንገሥጸው ይሆን? ወይስ የማይጎዳ ጨዋታ ነው ብለን በዝምታ እናልፈው ይሆን? ሁለቱም መልሶች የሚበቁ አይመስሉንም።

ስለ ምላጭ ጥቂት ታሪክ

ምላጭ ከሰው ልጅ መሣሪያዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። በጥንታዊት ግብፅ መቃብሮች ውስጥ ከመዳብና ከነሐስ የተሠሩ ምላጮች ተገኝተዋል። ኦሪት ዘፍጥረትም በምዕራፍ 41 ዮሴፍ ከእስር ቤት ወጥቶ በፈርዖን ፊት ከመቆሙ በፊት ጠጉሩን እንደ ተላጨና ልብሱን እንደ ለወጠ ይነግረናል። በመጽሐፈ መሳፍንት የሶምሶን ታሪክ ውስጥም ምላጭ ትልቅ ስፍራ አለው።

ሰብሳቢዎቹ የሚወድዱት ታጣፊ ምላጭ ግን ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በእንግሊዝ አገር የሼፊልድ ከተማ፣ በጀርመን አገር ደግሞ የዞሊንገን ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በስለት ሥራ የታወቁ ናቸው። በ18ኛው ምእተ ዓመት በሼፊልድ አቅራቢያ ቤንጃሚን ሃንትስማን የተባለ ሰው ብረቱን በሸክላ ጽዋ ውስጥ አቅልጦ ጥራት ያለው አረብ ብረት ለማግኘት የሚያስችል ዘዴ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከቀንድ፣ ከአጥንትና ከእንጨት በተሠራ እጀታ ውስጥ እየታጠፈ የሚቀመጥ ምላጭ ወደ ብዙ አገሮች ተሠራጨ። እንዲህ ያለው ምላጭ በድንጋይ ይሳላል፤ በቆዳ ላይ እየተመላለሰ ይለሰልሳል፤ ባለቤቱ ከተጠነቀቀለት ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ይህ ልማድ የተለወጠው በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ነው። ኪንግ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ሲደነዝዝ የሚጣል ቀጭን ምላጭ አስቦ ድርጅት አቋቋመ። በመጀመሪያው የሽያጭ ዓመት፣ በ1903 እ.ኤ.አ.፣ የተሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ እንደ ነበረ ይነገራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ የመላጫ ዕቃ በሚሊዮን የሚቆጠር አዘዘ። ወታደሮቹም አዲሱን ልማድ ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። እነሆ ዛሬ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ በየትንሹ ሱቅ፣ ቀጭኑ ምላጭ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይሠራበታል፤ ከዚያም ይጣላል።

እንግዲህ የአሮጌ ምላጭ ወዳጆች የሚሰበስቡት ዓለም «አያስፈልግም» ብሎ የተወውን ነው። በዚህ ውስጥ መልካም ነገር እንዳለ መካድ ተገቢ አይሆንም። ሰውየው አንድ የዛገ ስለት ይዞ ብዙ ሰዓት በድንጋይ ላይ ሲያመላልሰው ትዕግሥትን ይማራል። ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ ሠራተኛ ያበጀውን ሲጠብቅ ለማያውቀው ሰው ምስጋና ያቀርባል። ልምድ ያለው ሰብሳቢ ልምድ ለሌለው ያለ ዋጋ ሲያስተምር ለጋስነት ይታያል። የሚጣለው በበዛበት ዘመን መጠበቅን የሚያስተምር ሁሉ ሊናቅ አይገባውም።

ይሁን እንጂ መሰብሰብ በራሱ ጽድቅ አይደለም። መሰብሰብ ወደ ስስት ሊያዘነብል ይችላል፤ አንዱን ያገኘ ሁለተኛውን ይመኛል፤ ሁለተኛውን ያገኘ የባልንጀራውን ይመኛል። በሣጥን የተቆለፈ ምላጭ ማንንም ሳይላጭ፣ በባለቤቱም ልብ ውስጥ ኩራትን ሲስል ሊኖር ይችላል። ስለዚህ መልካሙን መሰብሰብ ከክፉው ለመለየት መመዘኛ ያስፈልገናል። እኛ ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ ብለን እናምናለን። ዕቃውን የሠራው ማን ነው? ዕቃው ያረፈበት ገላ የማን ነው? ዕቃው ወደ እጃችን የመጣውስ በምን መንገድ ነው?

ዕቃውን የሠራው ማን ነው?

የታጣፊ ምላጭ ሰብሳቢ ዕቃውን በእጁ እንዳገኘ በመጀመሪያ የሚመለከተው የሠሪውን ማኅተም ነው። በሼፊልድ ከ1624 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የቆመ የስለት ሠሪዎች ማኅበር ነበረ፤ ሠሪዎቹም የየራሳቸውን ምልክት እያስመዘገቡ በሥራቸው ላይ ይቀርጹ ነበር። የዞሊንገን ስም ደግሞ በ1938 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ ተጠብቆ፣ በዚያ አካባቢ ያልተሠራ ስለት ስሙን እንዳይሸከም ተከለከለ። ስለዚህ ሠሪው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላም ስሙ በብረቱ ላይ ይነበባል፤ አይቶት የማያውቅ ሰውም በሌላ አህጉር ሆኖ ስሙን በአክብሮት ይጠራል።

ይህ ማለት ግን የእነዚያ ሠራተኞች ኑሮ የተቃና ነበር ማለት አይደለም። በሼፊልድ ስለቱን በሚሽከረከር ድንጋይ ላይ የሚያሾሉት ሰዎች የድንጋዩንና የብረቱን ብናኝ እየሳቡ ሳንባቸው ይጎዳ ነበር፤ ብዙዎቹም ገና በጎልማሳነታቸው ይሞቱ ነበር። የምላጩን ውበት የሚያደንቅ ሰው ይህን ካላወቀ አድናቆቱ ግማሽ ነው።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ወደ አገራችን እንመልስ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የገበሬው ሕይወት ያለ ቀጥቃጭ አይቆምም። ጤፉና ዳጉሳው፣ በቆሎውና በርበሬው የሚዘራበትን መሬት የሚሰነጥቀው ማረሻ ከቀጥቃጩ እጅ የወጣ ነው። ወገሉን፣ ማጭዱን፣ ምሳሩን፣ ዶማውን የሚያበጀው እርሱ ነው። ቀደም ባለው ዘመን የሕፃኑን ጠጉር የሚላጨውን ምላጭም ይሠራ የነበረው ይኸው ቀጥቃጭ ነበር። በወናፉ እሳቱን ያነድዳል፤ በጉጠት የጋለውን ብረት ይይዛል፤ በመስፍ ላይ አኑሮ በመዶሻ ይቀጠቅጣል።

የዚህ ሰው ስም ግን በሥራው ላይ አልተቀረጸም። ስሙን የሚያውቅ መንደርተኛ እንኳ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በስድብ ነው። «ቡዳ ነው» ይባላል። በሌሊት ወደ ጅብነት ይለወጣል ተብሎ ይወራበታል። ዓይኑ ያረፈበት ሕፃን ይታመማል፣ ያየው ምግብ ይመረዛል ተብሎ ይፈራል። ከቤቱ ምግብ አይቀመስም፤ ልጁን ለልጃችን አንሰጥም፣ የእርሱንም አንወስድም ይባላል። ይህ ንቀት በእርሱ ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም፤ በሸማኔው፣ በሸክላ ሠሪዋና በቆዳ ፋቂው ላይም ይወርዳል። በጎንደር አካባቢ በቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ የታወቁት ቤተ እስራኤላውያንም ይህንኑ የቡዳነት ስም ለብዙ ዘመን ተሸክመው ኖረዋል፤ አብዛኞቹም ከ1984 እስከ 1985፣ ኋላም በ1991 እ.ኤ.አ. በተደረጉት ጉዞዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል።

ነገሩ በአዋጅም ተወግዟል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከልክለው ነበር። ብረት ሠሪውን፣ ሸማ ሠሪውን፣ ጸሐፊውንና ነጋዴውን በየሥራቸው ስም እያወጣ የሚሳደበው ሰነፉ መሆኑን ገልጠው፣ እንዲህ ያለውን ስድብ በራሳቸው ላይ እንደ ተሰነዘረ እንደሚቈጥሩትና ተሳዳቢውም በአንድ ዓመት እስራት እንደሚቀጣ ተናግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስት ለሌለው ሁሉ፣ በዚህም ውስጥ ለብዙ የእጅ ሙያ ሰዎች፣ የሚያርሱት መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። ይሁን እንጂ ልብን የሚያርስ አዋጅ የለም። መሬቱን ያገኘው ሰው ጎረቤቱን ገና አላገኘም።

ጉዳቱ በቀጥቃጩ ብቻ የሚቀር እንዳይመስለን። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በታች ባለው ቆላ ወባ አለ። አንድ ሕፃን ትኵሳት ይዞት ሲንቀጠቀጥ ወላጆቹ «ቡዳ በላው» ብለው ወደ ጤና ጣቢያ ከመውሰድ ይልቅ የበላውን ሰው ስም እንዲናገር ሲያስጨንቁት ቢውሉ፣ በሽታው ጊዜ ያገኛል፤ ሕፃኑ ጊዜ ያጣል። በዚህ ዓይነት አንድ ሐሰት ሁለት ሰው ይጎዳል፤ የተከሰሰውን በስሙ፣ የታመመውን በነፍሱ።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ቀጥቃጭ የሚያስተምሩን ከዚህ ልማድ ጋር አይስማማም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 13 እስራኤላውያን በምድራቸው አንድ ብረት ሠሪ ስላልነበራቸው ማረሻቸውንና ምሳራቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርዱ እንደ ነበር ተጽፏል። ቀጥቃጭ የሌለው ሕዝብ ነጻነቱም ጎደሎ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 በእሳቱ ወላፈን ፊት የሚደክመውን ብረት ሠሪና መንኰራኵሩን በእግሩ የሚያዞረውን ሸክላ ሠሪ ካነሣ በኋላ፣ እነዚህ ባይኖሩ ከተማ ሰው ሊኖርባት እንደማይችል ያስረዳል። ጌታችንም ራሱ በአገሩ ሰዎች ዘንድ በእጅ ሙያው ምክንያት እንደ ተናቀ በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን። የናዝሬት ሰዎች ጥበቡን ሰምተው ሳለ በሥራው ተሰናክለውበታል። እኛስ በየመንደራችን ከናዝሬት ሰዎች በምን እንለያለን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ ሰው ሥራ በ1981 እ.ኤ.አ. በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት የሥራ ክብር የሚለካው በተሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ሠሪው ሰው በመሆኑ እንደ ሆነ አስተምረዋል። ይህ ትምህርት በእኛ ገጠር በቃል ብቻ ሲነገር ቀላል ነው። የሚከብደው በቀጥቃጩ ቤት ተቀምጦ እንጀራውን መቁረስ ነው።

ዕቃው ያረፈበት ገላ የማን ነው?

ምላጭ ሌላው መሣሪያ ሁሉ የማይደርስበት ስፍራ ይደርሳል፤ የሰውን ገላ ይነካል። በገጠራችን የሰው ዕድሜ በምላጭ ሲታወቅ ኖሯል። የሕፃኑ ራስ ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለታል፤ ልጃገረዲቱ ሳዱላዋ ይላጫል፤ የቅርብ ዘመድ የሞተበትም ጠጉሩን ተላጭቶ ሐዘኑን ያሳያል። ራስን ለሌላ ሰው ስለት አሳልፎ መስጠት የመተማመን ምልክት ነው። እናት ልጅዋን በጉልበቷ ይዛ ስትላጭ ሕፃኑ አንገቱን ዝቅ የሚያደርገው እናቱ ስለ ሆነች ነው።

ነገር ግን የምላጭ ታሪክ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር። በዚሁ ምላጭ ሕፃናት ሴቶች ልጆች ተገርዘዋል፤ ደማቸው ፈስሷል፤ ሕመሙም በወሊድ ጊዜ ተከትሏቸዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565ና 566 ይህን ድርጊት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። አንዱ ምላጭ ለብዙ ሰው ሲዞርም በሽታ ከደም ወደ ደም ይተላለፋል። በ1978 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአገራችን ከታወቁ ወዲህ ምላጭን በጋራ አለመጠቀም በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ሲነገር የኖረው ስለዚህ ነው። ትናንት የጎረቤታሞች ፍቅር መገለጫ የነበረው መዋዋስ ዛሬ በዕውቀት መገራት አስፈልጎታል።

ቋንቋችንም በዚህ ቃል ላይ ሌላ ሸክም ጨምሮበታል። የጠመንጃውን መተኰሻ ምላጭ ብለን እንጠራዋለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት ስንት ምላጭ እንደ ተሳበ፣ ስንት ራስም በሐዘን እንደ ተላጨ የሚያውቁ እናቶች በየመንደሩ አሉ። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት በሆነው ከተማችንም ሐዘን አልቀረም። አንዱ ቃል የሚያሳምረውንና የሚገድለውን አንድ ላይ ይዟል፤ ልዩነቱ ያለው በብረቱ ሳይሆን በሚይዘው እጅ ነው።

እንግዲህ አሮጌ ምላጭ የሚሰበስብ ሰው ታሪኩንም ሙሉ በሙሉ ሊሰበስብ ይገባዋል። ውበቱን መርጦ ደሙን የሚተው ሰው ብረት ሰበሰበ እንጂ እውነትን አልሰበሰበም። ይህ ስለ ልማዶቻችን ሁሉ ይሠራል። ባህላችንን እንጠብቅ ስንል ቁንጮውንና መተማመኑን ከነምስጋናው እንጠብቅ፤ ግርዛቱንና ስድቡን ግን በስማቸው ጠርተን እንተዋቸው።

ዕቃው ወደ እጃችን የመጣው በምን መንገድ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በመሰብሰብ ስም የሰው ልጅ ሊሰበስበው የማይገባውን ሰብስቧል። አፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ በሞቱ ጊዜ እንግሊዞች የወሰዱት ጽላቱንና መጻሕፍቱን ብቻ አልነበረም፤ ከንጉሡ ራስ ላይ የተቆረጠ ጠጉርም ወስደው ነበር። ይህ ጠጉር ሙት ንጉሡን በሥዕል ከቀረጸ ሰው ቤተ ዘመድ እጅ ወጥቶ በ1959 እ.ኤ.አ. በለንደን ለሚገኘው የብሔራዊ ጦር ሠራዊት ሙዚየም ተሰጠ። ከኢትዮጵያ ጥያቄ ቀርቦ፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለአገራችን ተመለሰ። የቀሩት የመቅደላ ቅርሶች ብዙዎቹ ዛሬም በባዕድ አገር ናቸው። የሰው ጠጉር ለሰብሳቢ ዕቃ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ልብ በዚያ ጠጉር ሥር የነበረውን ሰው ረስቷል ማለት ነው።

በምላጩም ላይ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ከአሮጌ ምላጮች አንዳንዶቹ እጀታቸው የዝሆን ጥርስ ነው። ዝሆኖች እያለቁ በመሄዳቸው በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ተወስኗል፤ አገራችንም በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን በላይ የሆነ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ አቃጥላለች። ውብ የሆነ ሁሉ በንጹሕ እጅ የተገኘ አይደለም።

ወደ ገጠራችን ስንመለስም አሮጌ መስቀል፣ የብራና መጽሐፍ፣ የብር ጌጥ በጥቂት ብር የሚገዛ መንገደኛ ወደ መንደር መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። የተቸገረ ሰው ይሸጣል፤ የማያውቅ ሰው ይሸጣል፤ የራሱ ያልሆነውን የሚሸጥም ይኖራል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 209 ቅርስን እንደ ተራ ሸቀጥ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ ከመድረሱ በፊት ሊደርስ የሚገባው የእያንዳንዳችን ኅሊና ነው። ባለቤቱ ዋጋውን ሳያውቅ የሚሸጠውን ዋጋውን እያወቁ ዝም ብሎ መግዛት፣ የገበያ ብልጠት ቢባልም፣ በእውነት ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ይጎድላል።

የሩቅ ወዳጅና የቅርብ ጎረቤት

በዕቃ ፍቅር ምክንያት የሚመሠረት ኅብረት አንድ መልካም ባሕርይ አለው። አባላቱ «የማን ዘር ነህ? አባትህ ማን ነው?» ተባብለው አይደለም የሚቀባበሉት። አንዱ ሐኪም ሌላው አናጢ፣ አንዱ ነጭ ሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል፤ ስለትን መውደዳቸው ያገናኛቸዋል። ከእኛ አገር የሄደው ወጣት በእነርሱ መካከል ሲቀመጥ የትውልድ አገሩ ቀጥቃጭ የሚናቅበት ሙያ በዚያ እጅግ የተከበረ መሆኑን ሲያይ ይደነቃል። በዚያን ጊዜ ልቡ ወደ አንዱ ከሁለት መንገድ ይሄዳል። ወይ የሼፊልድን ሠሪ ስም እያነበነበ የመንደሩን ቀጥቃጭ እንደ ረሳ ይኖራል፤ ወይም «እኔ ያደግሁበትን እንጀራ ያበቀለውን ማረሻ የሠራው ሰው ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል።

አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ። የሩቁ ሰው ሥራ ሲያበራልን የቅርቡ ሰው ሥራ የሚጨልምብን ስለ ለመድነው ነው። እንዲሁም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ነገር ግን ጎረቤትነት ተፈጥሮ ብቻ ሳይሆን ምርጫም ነው። በየመንደራችን እድርና የጽዋ ማኅበር አለን፤ ለሐዘን እንደራረሳለን፤ በአውድማና በአጨዳ እንረዳዳለን። በእነዚህ ማኅበሮች ውስጥ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ስፍራቸው የት ነው? ማረሻችንን የሚያበጀው ሰው ጽዋችንን የማይነካ ከሆነ ማኅበራችን ከሩቅ ሰብሳቢዎች ማኅበር ያነሰ ነው። እነርሱ የማያውቁትን የሞተ ሠሪ ያከብራሉ፤ እኛ በሕይወት ያለውን የምናውቀውን እናርቃለን።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት የምንሰጠው መልስ እንዲህ ነው። ግባ፤ ከሩቅ ሰዎች ጋር ወዳጅ ሁን፤ ትዕግሥታቸውን ተማር። ዕቃው ግን ጌታህ አይሁን፤ በዋጋውም አትኵራራ፤ በግፍ የመጣውን አትግዛ። ከሁሉም በላይ ከእነርሱ የተማርከውን የሠሪን ክብር ወደ አገርህ ይዘህ ተመለስ። አንድ የሼፊልድ ምላጭ የሠሪውን ስም የምታውቅ ከሆነ የመንደርህን ቀጥቃጭ ስም አለማወቅህ ሊያሳፍርህ ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ ይህ መልስ ለሄደው ብቻ ሳይሆን ለቀረነውም ነው። በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በየቁምስናችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው። በምታስተምሩበት ስፍራ የቀጥቃጩ ልጅ ከኋላ ብቻውን ተቀምጦ እንደ ሆነ ተመልከቱ፤ ወደ ፊትም አምጡት። ሕፃናት «ቡዳ» የሚለውን ቃል በጨዋታ እንኳ ሲናገሩ ብትሰሙ በዝምታ አትለፉት፤ ቃሉ ሰውን እንደ ምን እንደሚያቆስል አስረዷቸው። በትኵሳት የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ባለበት ቤት «ማን በላው?» የሚለውን ጥያቄ ወደ ጎን አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን መንገድ አሳዩ። የሠራተኛው የቅዱስ ዮሴፍ በዓል፣ በ1955 እ.ኤ.አ. በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የተደነገገው፣ ሚያዝያ 23 ቀን ሲደርስ ከየአካባቢያችሁ ቀጥቃጮችንና ሸማኔዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ቆዳ ፋቂዎችን በስማቸው ጥሩ፤ በአንድ ማዕድም አብራችሁ ተቀመጡ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ብር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከጎረቤት ሐሜት በላይ ጎረቤትን መውደድ ነው። በመጪው ክረምት ማረሻችንን ለማሳል ወደ ቀጥቃጩ ስንወርድ ዋጋውን ከፍለን ብቻ አንመለስ። ከወናፉ አጠገብ ቁጭ እንበል፤ ስሙን እንጠይቅ፤ ውኃ ቢያቀርብልን እንጠጣ።